ማሽኑ አዲስ ነው፣ ኤስፕሬሶው ግን ውሃ ውሃ ይላል

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጥሩ የኤስፕሬሶ ማሽን ገዛሁ። መፍጫዬ ግን በስለት የሚቆርጠው፣ ቅመም የሚፈጭበት ዓይነት ነው። 18 ግራም ቡና አስገብቼ ስከፍተው በ10 ሰከንድ ግልብጥ ብሎ ይወርዳል፣ ይኮመጥጣልም። ችግሩ ማሽኑ ይሆን?

መልስ 1፦
ማሽኑን ተወው፣ መፍጫው ነው። የማሽኑ ሥራ ሙቅ ውሃ በ9 ባር ገደማ መግፋት ነው፣ ያንን ግፊት የሚመክተው ግን የተጠቀጠቀው ቡና ራሱ ነው። ስለት ቡናውን እኩል አይፈጨውም፣ ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ይሆናል፣ ውሃው ደግሞ ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ በክኩ በኩል ሾልኮ ያልፋል። በሁለት ጥርሳም ክቦች መሃል የሚፈጭ መፍጫ ፈልግ። ለኤስፕሬሶ በጣም ማድቀቅ መቻሉንም አረጋግጥ፣ ሁሉም አይችሉም።

መልስ 2፦
ትክክል። ስታስተካክል ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ አፈጫጨቱን። 18 ግራም አስገባ፣ 36 ግራም ገደማ ኤስፕሬሶ ሲወጣ አቁም፣ ሰዓቱን ያዝ። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ከፈጠነ አድቅቀው፣ ጠብ ጠብ እያለ ከመረረ ትንሽ ሸካራ አድርገው። እኔ የመፍጫውን ማስተካከያ ቁልፍ በፀጉር ያህል አዙሬ የ5 ሰከንድ ልዩነት አይቻለሁ!

ጠያቂው፦
መፍጫ ተውሼ ሞከርኩ፣ 28 ሰከንድ! እንደ ማር እየተሳበ ወረደ። ግን በአንድ ጎን ይረጫል፣ ለምን?

መልስ 1፦
ቡናው ጓጉሏል ማለት ነው። በቀጭን መርፌ በትነው፣ ከዚያ ሳታዘነብል ቀጥ አድርገህ ጠቅጥቀው።