ህዳርና ታህሳስ ሀዋሳ ላይ በጠዋት ብስክሌት የምትነዱ፣ ብርዱን እንዴት ነው የምትችሉት?

ጠያቂ፦ ከአዳማ የመጣች

ሰላም ለሁላችሁ። ከአዳማ ለስራ ወደ ሀዋሳ የመጣሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከተማው ሜዳ ነው፣ ሰዉም ብስክሌት ይነዳል። እኔም ያገለገለ ገዛሁ። ለውድድር አይደለም። ስራ ከመግባቴ በፊት ከአቶቴ ተነስቼ ሐይቁ ዳር ደርሼ፣ ትንሽ አየር ወስጄ መመለስ ነው የምፈልገው።

መስከረምና ጥቅምት በጣም ደስ ይል ነበር። ህዳር ከገባ ወዲህ ግን ተቸግሬያለሁ። 12 ሰዓት ላይ ስወጣ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬን መያዝ ያቅታቸዋል። ዓይኔ ያለቅሳል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል። ወፍራም ሹራብ ስደርብ ደግሞ ጥቂት እንደነዳሁ ላብ በላብ እሆናለሁ፤ ከዚያ ሐይቁ ጋ ቁጭ ስል ያንቀጠቅጠኛል። እናቴ በስልክ «ምች ይመታሻል፣ ተይው» ትለኛለች። መተው ግን አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ነው የምውለው፣ የራሴ የምለው ጊዜ ያ ጠዋት ብቻ ነው። ምን ትለብሳላችሁ? ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር፣ ታቦር ስር

የኔ ልጅ፣ እንዳትተይው። እኔ እዚህ ከተማ ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት በወጣትነቴ፣ ትምህርት ቤት ለመመላለስ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ለደስታዬ ነው የምነዳው። ከዓመቱ ወራት ምረጥ ብባል ህዳርና ታህሳስን ነው የምመርጠው። ዝናብ የለም፣ ጭቃ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ብርዱን መልመድ ብቻ ነው፣ ለሱም ዘዴ አለው።

መጀመሪያ ሰዓቱ። ብዙ ሰው ብርድ የሚበረታው እኩለ ሌሊት ላይ ይመስለዋል። በዚህ ወቅት ደመና ስለሌለ መሬት ቀን ያገኘችውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ስትለቅ ታድራለች፣ የሚይዝላት የለም። ስለዚህ ብርዱ የሚጠነክረው ጎህ ሲቀድ፣ ፀሐይ ብቅ በምትልበት ሰዓት ነው። አሁን ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። አንቺ 12 ሰዓት ስትወጪ ልክ ብርዱ በሚበረታበት ሰዓት ላይ ነው የምትወጪው። አንድ ሰዓት ላይ ብትወጪ ፀሐይዋ ትከሻሽን ትነካዋለች፣ ልዩነቱን ራስሽ ታይዋለሽ። ስራ የምትገቢው ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ ደርሰሽ ለመመለስ በቂ ጊዜ አለሽ።

ሁለተኛው ነፋስ ነው፣ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቆመሽ 10 ዲግሪ የሆነው አየር፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነጂ ፊትሽ ላይ 7 ዲግሪ ገደማ ያህል ሆኖ ይሰማሻል። ነፋሱ ከሌላ ቦታ አልመጣም፣ በመንዳትሽ የተፈጠረ ነው። ሹራብ ደግሞ ነፋስ አያቆምም፤ በቀዳዳው ያስገባል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ላብሽን ይጠጣል። የሚያስፈልግሽ ወፍራም ልብስ ሳይሆን ነፋስ የማያስገባ ስስ ጃኬት ነው። ከስር አንድ ቀለል ያለ ቲሸርት ይበቃል። ጃኬት ከሌለሽ አሮጌ ጋዜጣ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥፈሽ በቲሸርቱና በሹራቡ መሀል ደረትሽ ላይ አድርጊው። የድሮ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ከተራራ ቁልቁል ከመውረዳቸው በፊት እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። እኔም ዛሬ ድረስ አደርገዋለሁ፣ ደረቴን ብርድ አያገኘውም።

ከቤት ስትወጪ ትንሽ ሊበርድሽ ይገባል። በር ላይ ሞቆሽ ከተነሳሽ መንገድ ላይ መላብሽ አይቀርም።

ጣትን ግን እንዳትንቂው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን በሰዓቱ አይዝም፣ ባጃጅ ደግሞ ሰው ለመጫን ድንገት ነው የሚቆመው። ጓንት ግዢ፣ ተራ የሱፍም ቢሆን። ለዓይንሽ ነጭ መስታወት ያለው መነጽር ማድረግ ነው፣ እንባው ወዲያው ይቆማል።

አንድ የምለምነው ነገር አለ። በዚህ ወቅት ጋቢ ወይም ነጠላ ደርበው ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች አያለሁ፣ ልቤ ይደነግጣል። ጫፉ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ሰውየውን ይዞት ይወድቃል። እባካችሁ፣ ጋቢው ቤት ይቅር።

እናትሽ የሚሉትም እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ያላበው ሰው ነፋስ ላይ ሲቀመጥ ሰውነቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። መፍትሔው ቤት መዋል ሳይሆን ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ይዞ መሄድ ነው። ሐይቁ ጋ እንደደረስሽ ከመቀመጥሽ በፊት ቀይሪው። ከዚያ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ ትኩስ የአሳ ሾርባ አለልሽ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዙሪያቸውን ቆመው ትርፍራፊ ሲጠብቁ እያየሽ ሾርባሽን ጠጪ። ውሃው ከአየሩ ስለሚሞቅ በዚህ ሰሞን ጠዋት ላይ ከሐይቁ ጉም ይነሳል። ሌላ ወር ይህን እንደልብ አታገኚውም።

ወደ ጥቁር ውሃ በኩል በማለዳ አትሂጂ። እዚያ ረግረጉ ላይ ጉም ይተኛል፣ መንገዱ ደግሞ የሻሸመኔ ዋና መንገድ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛዋል። ጉም ውስጥ ሹፌሩ አያይሽም። ከሰዓት በኋላም ብትነጂ ጥሩ ነው፣ ግን የሐይቁ ነፋስ ይነሳል፤ ስትሄጂ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘሽ ሂጂ፣ ስትመለሺ ከጀርባሽ ይገፋሻል።

መልስ፦ ነርሷ

መምህር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፣ ብስክሌት አይደለም። አፍንጫሽ የሚፈሰውም ቀዝቃዛውን አየር ለማሞቅና ለማርጠብ ስለሚሠራ ነው፣ በሽታ አይደለም። ነገር ግን አስም ያለበት ሰው መጠንቀቅ አለበት። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፍ እየተሳበ ሲገባ የአየር ቧንቧ ሊጠብ ይችላል። አፍና አፍንጫሽን በስስ ሻርፕ ሸፍኚ፣ የመጀመሪያውን አስር ደቂቃ ቀስ ብለሽ ንጂ። ደረትሽ ሲጨነቅ ወይም ሲያፏጭ ከተሰማሽ ግን ታገሺው የሚል ምክር አትስሚ፣ ሐኪም ይይሽ።

ህዳር 12 ጠዋት ደግሞ ባትወጪ ይሻላል። «ህዳር ሲታጠን» እያሉ በየሰፈሩ ቆሻሻ የሚያቃጥል አይጠፋም። ልማዱ ከ1911ዱ የህዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ነው። እየነዱ ያንን ጭስ በጥልቀት መሳብ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

መልስ፦ ጎሚስታው

እህቴ፣ ጎማሽንም እይው። ከሰዓት በሙቀት የተነፋ ጎማ ጠዋት በብርድ ትንሽ ይላላል። ስለዚህ ጠዋት ከመውጣትሽ በፊት በጣትሽ ጫን እያደረግሽ ፈትሺ። ሐይቁ ዳር ግራር ስላለ እሾህ አይጠፋም፤ በዚህ ወቅት ለኔ የሚመጣው ስራ ብዙው እሱ ነው። ትርፍ ካላማዳሪያና ትንሽ ፓምፕ ያዢ። ካቴናውን ዘይት አታብዢበት። አሁን አቧራ ነው፣ ዘይቱ አቧራውን ይዞ ጥርሱን ይበላዋል። በጨርቅ ጠርገሽ ጥቂት ጠብ አድርጊበት፣ የተረፈውን መልሰሽ ጥረጊው።

ጠያቂ፦ ከአዳማ የመጣች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ጋዜጣውን ዛሬ ሞከርኩት፣ አንድ ሰዓት ላይም ነው የወጣሁት። ደረቴ አልበረደኝም። ጣቴ ግን አሁንም ይበርደዋል፣ ጓንት ቅዳሜ እገዛለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጨምርብዎ፦ ታህሳስ 19 ለገብርኤል እናቴ ከአዳማ ትመጣለች። እሷን ቤተ ክርስቲያን አድርሼ እኔ በብስክሌት ሐይቁን ልዞር አስቤ ነበር፣ ይሆናል?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር፣ ታቦር ስር

እንኳን ደህና ይምጡ። የዚያን ዕለት ግን ብስክሌቱን አታውጪው። ለሀዋሳ ገብርኤል ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያና ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ እግረኛ እንኳን በጭንቅ ነው የሚያልፈው። ከእናትሽ ጋር በእግር ሂጂ፣ ሌሊቱን የሚቆሙ ከሆነ ጋቢያቸውን አትርሺ። በ20 ጠዋት ሰዉ ይቀንሳል፣ ያኔ ትነጃለሽ። በታቦር በኩል ካለፍሽ ድምፅሽን አሰሚኝ፣ አብረን እስከ አሞራ ገደል እንወርዳለን።