ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ የማሞቂያ ምንጣፍ ለእባብ ያሰጋል ወይ?

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓመት ገደማ የሆናትን ቦል ፓይተን የምትባል እባብ ከተረከብኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የምትኖረው 90 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲሆን፣ ከሳጥኑ ሥር በስተቀኝ በኩል የማሞቂያ ምንጣፍ ለጥፌ ገመዱን በቀጥታ ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚቆጣጠር መሣሪያ፣ የለኝም፤ ምንጣፉን የሸጠልኝ ሰው ኃይሉ ትንሽ ስለሆነ አያስፈልገውም ብሎኝ ነበር። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ክብ ቴርሞሜትር 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሳያል፤ እጄን ጉዝጓዙ ላይ ሳሳርፍም ለብ ከማለት ያለፈ ነገር አይሰማኝም። ያሳሰበኝ ግን ከሳምንት ወዲህ ጉዝጓዙን እየቆፈረች ምንጣፉ ካለበት መስታወት ላይ መተኛቷ ነው። ሙቀቱ አንሷት ይሆን ወይስ ተስማምቷት? አንድ ወዳጄ ደግሞ አምፖል ጨምርበት ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለቅርፊት

መልሴን አንብበው ሳይጨርሱ ምንጣፉን ከሶኬቱ ይንቀሉት። ጤነኛ እባብ አንድ ሌሊት ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ብታድር ብዙም አትጎዳም፤ ቃጠሎ ግን ለወራት የሚታከም ቁስል ሊያተርፍላት ይችላል።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር የሚነግርዎ በአጠገቡ ያለውን የአየር ሙቀት ብቻ ነው። ምንጣፍ ደግሞ አየሩን እምብዛም አያሞቅም፤ የሚያሞቀው የነካውን ነገር ነው። ጉዝጓዙ ወፍራም በሆነ ቁጥር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ከሥሩ ስለሚያፍነው፣ እጅዎ ያረፈበት የላይኛው ገጽ ለብ ብሎ ሳለ ከታች ያለው መስታወት ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ኃይሉ ትንሽ ነው መባሉም ዋስትና አይሆንም፤ ትንሽ ሙቀትም መውጫ ካጣ ይጠራቀማል። ስለዚህ ለጥያቄዎ መልሱ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፦ የሳጥኑ አየር ስላነሳት ሙቀት ፍለጋ ቆፈረች፣ ቆፍራ ያገኘችው ግን ከሚገባው በላይ የጋለ መስታወት ነው።

«ካቃጠላት ራሷ ትነሳ የለ እንዴ?» ይሉኝ ይሆናል። እባብ ከሆዷ ሥር ከሚመጣ ሙቀት በጊዜ አትሸሽም። ቅርፊቷ እየተቃጠለ ለሰዓታት ተጠቅልላ የምትተኛ እባብ ተሳቢ እንስሳትን ለሚያክም ሐኪም እንግዳ ነገር አይደለችም። በኤሌክትሪክ የሚግሉት ሰው ሠራሽ ድንጋዮች ስማቸው የጠፋውም በዚሁ ነው።

ለቦል ፓይተን በሞቃቱ ጫፍ የምትተኛበት ገጽ ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው ጫፍ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። እባብ የሰውነቷን ሙቀት የምታስተካክለው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሄደች ስለሆነ፣ ምንጣፉ ከወለሉ ሲሶ ባይበልጥ መልካም ነው፤ በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ያስቀምጡላት። አለዚያ ከመጋለጥ መቃጠልን ትመርጣለች።

የሽቦ ሰው

በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው የኤሌክትሪኩን ነገር ነው።

በመጀመሪያ ቴርሞስታቱ። ሙቀቱን የሚለካውን ጫፉን፣ ሴንሰሩን፣ ብዙ ሰው ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እኔ ግን ለምንጣፍ ከሆነ ከውጭ፣ በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል ቢሆን እመርጣለሁ። ውስጥ ያለ ሴንሰር እባቧ ገፍታው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ወይም ወደ ውሃ ሳህኑ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ሳጥኑ የቀዘቀዘ ይመስለውና ምንጣፉን ሳያጠፋ ያግለዋል። ሴንሰሩን በማጣበቂያ ቴፕ ሳጥኑ ውስጥ እለጥፈዋለሁ የሚል ካለ ይተወው፤ ቴፕ ከእባብ ቅርፊት ላይ ያለ ጉዳት አይላቀቅም።

አምፖልን በተመለከተ የወዳጅዎ ምክር ስህተት አይደለም፣ ግን ጎዶሎ ነው። ብርሃን የማይሰጠው የሴራሚክ ማሞቂያ አየሩን ጥሩ አድርጎ ያሞቃል፤ ገጹ ግን እጅግ ስለሚግል ፖርታላምፓው የሸክላ መሆን አለበት። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ተቻኩዬ በፕላስቲክ መያዣ አሠርቼው፣ በሁለተኛው ቀን የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ደግሞ በሽቦ ወንፊት ይታጠር፤ እባብ ሙቅ ነገር ላይ መጠምጠም ትወዳለች። አብርቶ የሚያጠፋ ተራ ቴርሞስታት ለምንጣፍና ለሴራሚክ ይበቃል፤ ብርሃን ለሚሰጥ አምፖል ግን ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ዓይነት ያስፈልጋል።

ባለቅርፊት

በሴንሰሩ ነገር በከፊል ልለይ። ከውጭ ሲሆን የሚለካው የምንጣፉን ሙቀት እንጂ እባቧ የምትተኛበትን ገጽ አይደለም፤ ቴርሞስታቱን 32 ላይ አድርገው ውስጡ 28 ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ። ስለዚህ ጉዝጓዙን ገልጠው መስታወቱን የገጽን ሙቀት ሳይነካ በሚለካው ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር እየለኩ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ማድረግ ግድ ነው።

ጀማሪው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ምንጣፉን ከመንቀሌ በፊት ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተውሼ ስለካ የመስታወቱ ገጽ 44 ዲግሪ ነበር፤ ግድግዳው ላይ ያለው ያንኑ 26 እያሳየ። ሆዷን ሳይ መሃሉ ላይ አራት ወይም አምስት ቅርፊቶች ቀላ ብለዋል። ቆዳዋን ልትቀይር ይሆን? ለነገስ ልመግባት?

ባለቅርፊት

ቦል ፓይተን ቆዳዋን ልትቀይር ስትል ሆዷ ሮዝ መምሰሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቅላት ሆዷን ሙሉ የሚዳረስ ነው፣ ዓይኖቿም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደበዝዛሉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተወሰነ ቅላት፣ በተለይ ቅርፊቱ ከጠነከረ፣ ከቡኒነት ከጀመረ ወይም ውሃ ከቋጠረ፣ ቃጠሎ ነው ብለው ይነሱ። ቃጠሎ በእባብ ላይ ሙሉ በሙሉ የሚታየው ቀናት ቆይቶ ስለሆነ ዛሬ ቀላል መስሎ መታየቱ አያዘናጋዎት፤ ሐኪም ይያት። እስከዚያው ጉዝጓዙን አውጥተው ንጹሕ ነጭ ወረቀት ያንጥፉላት። ቅቤም ሆነ ዘይት፣ ለሰው የተሠራ ቅባትም ቢሆን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀቧት፤ ውሃ የቋጠረውንም አያፍርጡት።

ምግቡን ያቆዩት። ሙቀት ያጣች እባብ የዋጠችውን መፍጨት ስለማትችል መልሳ ታወጣዋለች።

የሽቦ ሰው

ቴርሞስታቱ ሲመጣ እባቧን ወዲያው አይመልሷት። ሳጥኑን ባዶውን ሌሊቱን ጨምሮ አንድ ሙሉ ቀን ያሠሩትና በየጥቂት ሰዓቱ ይለኩ፤ የክፍሉ አየር ሲለዋወጥ ሞቃቱ ጫፍ ከ33 አለማለፉን ያዩታል። የሳጥኑን እግሮች ትንሽ ከፍ አድርገው ከምንጣፉ ሥር አየር እንዲያልፍ ይተዉ፤ ሙቀት ከታፈነ መስታወቱ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ውሃ ቢፈስ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ ከገመዱ ሆድ ላይ ይንጠባጠባል።

ጀማሪው

ገመዱን አሁን ዝቅ አድርጌዋለሁ፤ ሐኪሙ ለነገ ጠዋት ቀጥሮኛል። እስከዚያ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ወረቀት ላይ ናት። ሙቅ ውሃ የሞላሁትን ጠርሙስ በወፍራም ፎጣ ጠቅልዬ አንድ ጎን አስቀምጬላታለሁ፤ የፎጣውን ገጽ ለክቼ 30 ነው።