የውጪው ኤሲ ብቻ ይቀየራል ወይስ ከውስጡ ጋር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለነው፣ ታውንሃውስ። ከሦስት ቀን በፊት ኤሲው ማቀዝቀዝ አቆመ። የውስጡ ማራገቢያ ይሠራል፣ የሚነፍሰው ግን ሙቅ አየር ነው። ወጥቼ ሳየው የውጪው ማሽን ዝዝዝ እያለ ያጉረመርማል እንጂ አናቱ ላይ ያለው ማራገቢያ አይዞርም። ሠራተኛ ጠራሁ፣ መጣ፣ አሥር ደቂቃ እንኳን ሳይቆይ «ኮምፕረሰሩ (የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ የሚጨምቀው ሞተር) ሞቷል፣ የውጪው ይቀየር፣ የውስጡ ደህና ነው አትንኪው» ብሎ 5,800 ዶላር ጻፈልኝ። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው 2008 ይላል። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ናት፣ «መስኮት ክፈቱና ይንፈስባችሁ» ትለኛለች፣ የዚህን አገር የሐምሌ ወበቅ ገና አላወቀችውም። ግማሹን ቀይሮ ግማሹን መተው ያስኬዳል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ ነገ መልስ እፈልጋለሁ ብሎኛል።

ቧንቧና ሽቦ፦
እህቴ፣ ቆዪ፣ እንዳትፈርሚ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ እንጀራዬ ይሄው ሥራ ነው። የሚያጉረመርም ግን የማይዞር ማሽን ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ካፓሲተሩን ነው። ትንሽ የብረት ጣሳ የምትመስል ዕቃ ናት፣ ሞተሩ እንዲነሳ የምትገፋው እሷ ነች። ብዙ ማሽን ላይ አንዷ ጣሳ ማራገቢያውንም ኮምፕረሰሩንም ስለምታስነሳ እሷ ስትደክም ሁለቱም የሞቱ ይመስላሉ። ዕቃዋ ራሷ ብዙ ጊዜ 50 ዶላር አትሞላም፣ የሚያስከፍለው የሰውየው መምጫና እጁ ነው።

ለመሆኑ በመለኪያ ለክቷታል? ላይዋ ላይ 45/5 ወይም እንደዚያ ያለ ቁጥር አለ፣ ማይክሮፋራድ ነው፣ ከዚያ በጣም ከወረደች አበቃላት። አናቷ እንደ ሊጥ ኩፍ ካለም ሳይለካ ይታወቃል። ግን አንቺ እንዳትከፍቺው፣ ብሬከሩ ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዛ ትቆያለች፣ ትመታለች። እስከዚያው ቴርሞስታቱ ላይ አጥፊው። እያጉረመረመ በቆየ ቁጥር ደህናውን ኮምፕረሰር በሙቀት ይጨርሰዋል።

አትላንታ ያለሁ፦
እኔ ግማሹን ቀይሬ የተቃጠልኩ ነኝ። የውጪውን አዲስ አስገባሁ፣ የውስጡን አሮጌ ኮይል (አየሩ የሚቀዘቅዝበትን የቱቦ ጥቅልል) ተውኩት፣ ከ2,000 ዶላር በላይ ተረፈኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ክረምት (የእዚህ ክረምት፣ ብርዱን ማለቴ ነው) ሳይታወቅ ኮይሉ አፈሰሰ፣ በጋ ሲገባ ጋዙ የለም። ዋራንቲ ብዬ ስደውል የውጪውና የውስጡ አብረው እንዲሠሩ የተመዘገቡ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ አሉኝ። ከየት ላምጣ? የገጠመልኝ ሰው ስልክ አያነሳም። በመጨረሻ ኮይሉንም ገዛሁ፣ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ከፈልኩ።

ደጀን፦
ኧረ ምን ካፓሲተር ካፓሲተር ትላላችሁ፣ 2008 እኮ ነው! ሁሉንም ቀይሪና ተገላገዪ። ስትቀይሪ ደግሞ ተለቅ ያለ አስገቢ፣ ቤቱ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ።

ቧንቧና ሽቦ፦
ደጀን፣ እርጅናው ላይ ልክ ነህ፣ ተለቅ ያለው ላይ ግን አልስማማም። ማሽኑ ከቤቱ ከበለጠ ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይጠፋል፣ እርጥበቱን ለመምጠጥ ጊዜ አያገኝም። ቤቱ ቀዝቃዛ ሆኖ ግን ወበቃም ይሆናል፣ አንሶላው ሁሉ ይጣበቅብሻል። የኤሲ አቅም የሚለካው በቶን ነው፣ አንድ ቶን ማለት በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ማውጣት ነው፣ ስንት ቶን እንደሚያስፈልግ የቤቱን መስኮት፣ ጣሪያና ግድግዳ አይቶ የሚያሰላ ሰው ፈልጊ፣ አሮጌውን አይቶ የሚገለብጥ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ረሳሁ፣ ዋናው እሱ ነው። የ2008 ማሽን ከሆነ ጋዙ አር-22 ሊሆን ይችላል፣ የተለጠፈው ላይ ተጽፏል። አር-22 አሜሪካ ውስጥ ማምረትም ማስገባትም የቆመው በ2020 ነው፣ አሁን ያለው የተረፈና ተጣርቶ የተመለሰ ስለሆነ ውድ ነው። በኋላ የመጣው አር-410ኤ የሚባለው ጋዝ ራሱ ግፊቱ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ከ2025 ወዲህ የሚመረቱት ደግሞ በአብዛኛው በአር-454ቢ ወይም በአር-32 ነው የሚሠሩት፣ እነሱ በመጠኑም ቢሆን ስለሚቀጣጠሉ የውስጡ ክፍል ለእነሱ ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት፣ ጋዝ ሲያፈስ የሚያውቅ መሣሪያም ይገጠምለታል። ስለዚህ አዲስ የውጪ ማሽን አምጥቶ ከ2008ቱ ኮይል ጋር አገናኛለሁ የሚልሽ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አውቆ ነው። ፈርነሱ (የቤቱ ማሞቂያ) ደህና ከሆነ ሊቆይ ይችላል፣ ኮይሉ ግን አብሮ ይቀየራል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሌላ ሰው አስመጣሁ፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መለካት ነበር። 45 የሚለው 17 አነበበ። ጣሳዋን ቀየረ፣ አበራው፣ ዞረ። 190 ዶላር ከፈልኩ። የተለጠፈው ላይ አር-22 ይላል፣ አሁን ግን ጋዙ አልጎደለም አለኝ፣ ከጎደለ አፍስሷል ማለት ነው፣ ያኔ ጋዝ እየሞላሽ ገንዘብሽን አትጨርሺ ብሎኛል። ለፊተኛው ሰው ደውዬ ይቅርብኝ አልኩት፣ «በሳምንት ውስጥ ትደውይልኛለሽ» ብሎ ዘጋው።

የውጪውንም ኮይሉንም ሙቀቱ በረድ ሲል፣ እነሱም ሥራ ሲቀንስባቸው፣ ከሦስት ሰው ዋጋ ጠይቄ እቀይራለሁ። ቧንቧና ሽቦ፣ እስከዚህ ድረስ ትመጣለህ ወይ? እናቴ ደግሞ አሁን በረደኝ ብላ ሳሎን ውስጥ ጋቢ ለብሳ ተቀምጣለች።

ቧንቧና ሽቦ፦
ቡና ካለ እመጣለሁ። የተበላሸችውን የድሮ ጣሳ እንዳትጥያት፣ ለፊተኛው ሰው የምታሳዪው ነገር ይኑርሽ።