ትልቁ አርቲ ማነው? ስለ ራግቢ ሊግ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

የፒያሳዋ_ልጅ (ደሴ)
ሰላም ጀመዓው እንዴት ናችሁ። ታናሽ ወንድሜ 16 አመቱ ነው፣ ቁመቱም ጎኑም ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይበልጣል፣ እና እኛ ጋ ስፖርት ያው ኳስና ሩጫ ስለሆነ ሜዳ ሲወርድ ወይ በረኛ ቁም ይሉታል ወይ ጭራሽ አያስገቡትም። አውስትራሊያ ብሪዝበን ያለችው አክስታችን ስታዲየም ደጃፍ የቆመ የአንድ ግዙፍ ሰውዬ ሀውልት ፎቶ ላከችለት፣ ከዛ ወዲህ ልጁ አርተር ቢትሰን አርተር ቢትሰን ነው፣ የራግቢ ሊግ ፎርዋርድ ነበር ይለኛል። እኔ ቪዲዮውን ሳየው ሰው ከሰው የሚላተምበት ነገር ነው የመሰለኝ። ሰውየው ምን ሰርቶ ነው ሀውልት የቆመለት? ፎርዋርድስ ጉልበት ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለው? ልጁን ከልቤ ላበረታታው ስለፈለግኩ ነው።

ቦርከና_በብሪዝበን
አብሽሪ እህቴ፣ ወንድምሽ ጥሩ ሰው ነው የመረጠው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ እዚህ አገር ትልቁ አርቲ ካልሽ ሁሉም ያውቀዋል። በ1945 (አመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሮማ በምትባል የኩዊንስላንድ ክልል ገጠር ከተማ ተወለደ፣ እናቱ አቦርጂን (የአገሩ ቀደምት ነዋሪ) ናት። አቦርጂኖች በሕዝብ ቆጠራ እንዲካተቱ ሕዝቡ ድምፅ የሰጠው በ1967 ነው፣ እሱ ግን በ1966 የአውስትራሊያን ማሊያ ለብሷል፣ በኋላም በየትኛውም ስፖርት የአገሪቱ ካፒቴን የሆነ የመጀመሪያው አቦርጂን ሆነ። ይሄ ብቻውን ሀውልት ያሰራል።

ጉልበት ብቻ ነው ወይ ላልሽው፣ በፍፁም። በአንድ ወገን 13 ሰው ነው የሚሰለፈው፣ 6ቱ ፎርዋርድ ናቸው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪያዝበት ድረስ ይሞክራል፣ ከዛ ኳሱ ለሌላው ነው። የፎርዋርዱ ስራ የተከላካዩን ግድግዳ እየገፋ ሜትር ማስገኘት ነው፣ አብዛኛው ይገባል ይያዛል ይወድቃል፣ ተነስቶ ኳሷን በእግሩ ወደኋላ ይልካል፣ እስከዛ ተከላካዩ ትንፋሽ ይሰበስባል። ቢትሰን ግን ሁለት ሶስት ሰው ተንጠልጥሎበት ሳለ እጁን ያስለቅቅና ሳይወድቅ በጎኑ ለሚሮጠው ያቀብላል!! በቃ ጨዋታው አልቆመም፣ ሶስቱ ሰዎች ደግሞ እሱ ላይ ስለተጣበቁ እዛ ጋ ክፍት ነው። ያን ትልቅ ሰውነት ሰው ለመሳብ ተጠቀመበት፣ ነጥብ የሚሆነውን ነገር የሚሰራው ግን እጁና አይኑ ነው። ወንድምሽ ቪዲዮውን ሲያይ ግጭቱን ትቶ እጁን ይመልከት በይው።

የሀይቅ_ልጅ
እኔ 1980ን ሳልናገር አላልፍም። የኩዊንስላንድ ምርጥ ልጆች ገንዘቡ ሲድኒ ስለነበር ወደዛ ይሄዱ ነበር፣ ሲድኒ ክለብ ከገቡ ደግሞ በክልል ውድድር የሚሰለፉት ለኒው ሳውዝ ዌልስ ነው፣ የወሎ ልጅ አዲስ አበባ ክለብ ስለገባ ወሎን እንዲገጥም ቢያደርጉት በሉት። ኩዊንስላንድ በገዛ ልጆቿ እየተሸነፈች ስንት አመት ኖረች። ቢትሰን ራሱ ከዛ በፊት ለኒው ሳውዝ ዌልስ ነው የተጫወተው። በመጨረሻ አንድ ጨዋታ ብቻ ሁሉም ለተነሳበት ክልል ይሰለፍ ተባለ፣ ጁላይ 8 ቀን 1980፣ ብሪዝበን ያለው ላንግ ፓርክ ስታዲየም፣ ከ33 ሺህ በላይ ሰው። ካፒቴኑ ቢትሰን ነው፣ 35 አመቱ፣ ክለቡ ፓራማታ ወደ ተጠባባቂው ቡድን አውርዶት ነበር። በዛ እድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የክልሉን ማሊያ ለብሶ ወጣ፣ የክለብ ጓደኛውን ሚክ ክሮኒንን ሳይቀር ተጋጨው (ቡጢ ነው አይደለም እስካሁን ይከራከራሉ)፣ 20 ለ 10 አሸነፉ። ማል ሜኒንጋ የሚባለው ልጅ በዛው ቀን 20 አመቱ ሞልቶት 7 ምት ሞክሮ 7ቱንም አስገባ። ስቴት ኦፍ ኦሪጅን የሚባለው ውድድር ያኔ ተጀመረ፣ ዛሬ አውስትራሊያን ቀጥ የሚያደርጋት እሱ ነው።

መምህር_ዘወልዲያ
የሀይቁ ወንድሜ ያልከው ልክ ነው ግን ለዚህ ልጅ የሚጠቅመው ከዛ በፊት ያለው ይመስለኛል። እኔ ስፖርት አስተማሪ ነኝ፣ ትልልቅ ልጆች በክብደታቸው ሲሰደቡ ማየት ያመኛል። ቢትሰንንም ባልሜይን የሚባል የሲድኒ ክለብ እያለ ግማሽ ጨዋታ ነው የሚችለው እያሉ ስም አውጥተውለት ነበር፣ በ1969 ክለቡ ሻምፒዮን ሲሆንም ቅጣት ላይ ስለነበር ፍፃሜው አመለጠው። ከዛ ኢስተርን ሰበርብስ ገባ፣ አሰልጣኙ ጃክ ጊብሰን አካል ብቃቱ ላይ አጥብቆ ያዘውና ካፒቴን ሆኖ 1974 እና 1975ን ተከታትሎ ዋንጫ አነሳ፣ የ75ቱ ፍፃሜ 38 ለ 0 ነው!! ያው ሰውነት ነው እኮ፣ አያያዙ ነው የተለወጠው።

የፒያሳዋ_ልጅ
አላህ ይስጣችሁ፣ ሁሉንም አነበብኩለት። አሁን ደግሞ ልሞክረው እያለኝ ነው፣ መላተሙ ግን ያስፈራኛል፣ አሰልጣኝ የለ ምን የለ፣ ምን ላድርግ?

መምህር_ዘወልዲያ
ያለ አሰልጣኝ ታክል (ኳስ የያዘውን ሰው ይዞ መጣል) አይሞክር፣ አንገትና ጭንቅላት ቀልድ አይደለም። በመንካት ብቻ የሚጫወቱት አይነት አለ፣ ኳስ የያዘውን ከነኩት እንደተያዘ ይቆጠራል፣ እሱን ከጓደኞቹ ጋር ሳር ያለበት ሜዳ ላይ ይጀምር። ኳስ በእጅ ወደፊት ማቀበል ክልክል ነው፣ ወደጎንና ወደኋላ ብቻ። በሩጫ ላይ በቀኝም በግራም ማቀበል ይልመድ፣ ጎን ለጎን ትምህርት ቤት ካለ አሎሎ ይወርውር። የ1980ውን ጨዋታ ዩቲዩብ ላይ ፈልጉና አብራችሁ እዩት፣ ደግሞም በረኛ ቁም ሲሉት እሺ ይበል፣ እጅ የሚለመደው እዛም ነው።