ክርክር፦ ባሌ ተራሮች ላይ አስታ (የደጋ ቁጥቋጦ) የሚያቃጥል ከብት አርቢ ይታሰር ወይስ በሥርዓት ያቃጥል?

ጫካው፦ የ1992ቱን የባሌና የቦረና እሳት ረሳችሁት እንዴ? ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ነው የነደደው። ተማሪ ሳይቀር ሊያጠፋ ዘምቶ ነበር፣ ባለሙያ ከደቡብ አፍሪካ ድረስ መጣ። የለኮሰው ሰው እንጂ መብረቅ አይደለም። ክብሪት ይዞ የባሌ ተራሮች ፓርክ የገባ ይታሰር፣ አለቀ።

የጎባ ልጅ፦ አላለቀም ወንድሜ። መጀመሪያ ለምን እንደሚያቃጥሉ ስማ። አስታ ሲያረጅ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ይጠቀጠቃል፣ ከብት አያልፍበትም፣ ጅብ ይሸሸግበታል። ሲቃጠል ግን ሥሩ አይሞትም፣ ከመሬት ሥር ካለው ጉጥ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ከብቱ የሚፈልገው ያንን ለጋውን ነው። ደግሞ ለጋ አስታ በቀላሉ እሳት አይዘውም። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት የተቃጠለ ቦታ አዲሱን እሳት ያቆመዋል። አርቢው ይህን ያውቃል፣ ቦታ እየቀያየረ የሚያቃጥለውም ለዚህ ነው።

ሚጡ፦ ለአስታው ያስኬዳል። ከባሌ ተራሮች በደቡብ በኩል ያለው ሐረና ደን ውስጥስ? እዚያ ማር ቆራጩ ንቡን ያጨሰበትን እሳት ሳያዳፍን ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላው ለእርሻ ይመነጥራል። ያ ዛፍ እንደ አስታ በጥቂት ዓመት አይመለስም። ሁሉንም እሳት አንድ ላይ አትጨፍልቁት።

ጫካው፦ ሰሜን ተራሮችስ? በ2011 ጓሳ ሣሩና አስታው ሲነድ እኛ በቅጠል እየደበደብን ነበር፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊ እስኪመጣ። ይህን አቅም ይዘን ነው አቃጥሉ የምንለው?

ሳክራሜንቶ፦ አሜሪካኖቹ አቅሙ ነበራቸው እኮ። እ.ኤ.አ. በ1935 የደን አገልግሎቱ የተነሳ እሳት ሁሉ በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ሳይሞላ ይጥፋ ብሎ ደነገገ። ነባሩ ሕዝብ በየጊዜው ያቃጥለው የነበረውም ተከልክሎ ነበር። ደረቁ ቅጠልና ጭራሮ ተከመረ፣ አሁን አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። (ድርቁና ሙቀቱ መባሱንም አልክድም።)

የጎባ ልጅ፦ አቅም ስለሌለን እኮ ነው የምለው! ክልከላው አሥርት ዓመታት አስቆጥሯል፣ ማቃጠሉ ቆመ? አልቆመም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፦ ሰውየው ተደብቆ ይለኩስና ይሮጣል። እንዳይያዝ ብሎ አጠገቡ አይቆምም፣ ጎረቤት አይጠራም፣ ነፋሱን አይጠብቅም። ቢፈቀድለት ግን የትኛው ጥግ እንደሚቃጠል ከፓርኩ ጋር ተነጋግሮ፣ ሰው አቁሞ፣ አመሻሽ ላይ ቀዝቀዝ ሲል ያነደው ነበር።

ሚጡ፦ ሐረና ጠርዝ ላይ ግን በፍጹም አይፈቀድም በሉኝና እስማማለሁ።

ጫካው፦ እሺ፣ ተፈቀደ እንበል። ከቁጥጥር ውጪ ቢወጣ የሚጠየቀው ማነው? የለኮሰው ወይስ ፈቃዱ ላይ የፈረመው? ይህን መልስልኝና እንቀጥላለን።