ጢንዚዛው ጣና ላይ ይለቀቅ ወይስ ይቅር?

የጎርጎራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ቡና ላይ ከባልንጀራዬ ጋር ተኮራርፈን ነው የተለያየነው። እናንተ ዳኙን።

ነገሩ እምቦጭ ነው። ጣና ላይ መኖሩ በ2004 ዓ.ም መጀመሪያ ከታወቀ ወዲህ በእጅ ነቀልነው፣ በማሽን አጨድነው። በጥቅምት 2013 የአንድ ወር ዘመቻ ተካሄደ። ያኔ አረሙ ወደ 4,300 ሄክታር ሸፍኖ ነበር። አብዛኛው ወጣ ተባለ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ተመልሶ መጣ።

አረሙ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ የሚበሉት ነፍሳት አሉ። ወደኛ ሲመጣ ጠላቶቹን እዚያው ትቷቸው መጣ። ታዲያ ጠላቱን እናምጣበት ነው ሐሳቡ። ኒዮኬቲና የሚባሉ ሁለት ዓይነት ጢንዚዛዎች አሉ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። ትልልቆቹ ቅጠሉን ይፍቃሉ። እጮቹ አገዳውን ከውስጥ እየቦረቦሩ ይወርዳሉ። በቀዳዳው ውሃ ይገባል፣ ተክሉ በስብሶ ይሰምጣል። ኡጋንዳ በ1995 እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ለቀቀቻቸው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አረሙ በጣም ቀነሰ።

እኔ ይለቀቅ ባይ ነኝ። ነቀላው ይብቃን።

የራያ ሰው፦
ነፍሳት ከውጭ አምጥቶ መልቀቅ ሲባል እኔ እንቅልፍ የለኝም። እኛ ጋ በለስ ነበር። ክረምት ላይ ጎተራው ሲራቆት ሰውም ከብትም የሚያድር በበለስ ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ለቀይ ቀለም ይሆናል ተብሎ ኮችኒያል የሚባል ነፍሳት ገባ። ገበያው ሳይደረጅ ነፍሳቱ ከታሰበለት ቦታ ወጣ። በለሱ ጥጥ የለበሰ መሰለ፣ ከዚያ ደርቆ ወደቀ። ማን ይቅርታ ጠየቀ?

ነፍሳት አጥኚዋ፦
ወንድሜ፣ ያ ጥፋት እውነት ነው። ግን ምሳሌህ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ኮችኒያሉ የበላው በለስ ብቻ ነው። ማሽላውን ነካው? ጤፉን ነካው? አልነካም። እናንተ ጋ ችግሩ ነፍሳቱ የሚበላው ተክል ለሰው የሚጠቅም መሆኑ ነበር። እምቦጭን ግን "ለእኔ ይቅርልኝ" የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ኒዮኬቲናዎቹ ያለ እምቦጭ መራባት አይችሉም። ፍሎሪዳ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ። ከኡጋንዳ የመጡት ደግሞ ወንጂ ላይ ተረብተው ተጠንተዋል፤ እኛ አገርም አዲስ ወሬ አይደለም።

የራያ ሰው፦
እህቴ፣ የነፍሳቱን አመል መች ከሰስኩ? ሲያመልጥ ተጠያቂው ማነው ነው ያልኩት። አፋር ላይ ያን ከቁጥጥር የወጣ ፕሮሶፒስ የሚባል እሾሃማ ዛፍ የተከሉትም በረሃን ለመግታት ብለው ነበር።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ፍሎሪዳ ስለተነሳ ልጨምር። ጢንዚዛው አለ፣ ልክ ነሽ። ግን እዚያ ዛሬም ኬሚካል ይረጫል። ጢንዚዛው ያዳክመዋል እንጂ አልጨረሰውም። እኛ እዚህ አሜሪካ ለጣና ማሽን ገንዘብ አዋጥተናል፣ ቲሸርት ሁሉ ሸጠናል 😅 ማሽኑ እንዴት ሆነ? አሁን "ነቀላው ይብቃ" ስትሉ ትንሽ ሆዴን ባር ባር አለው።

የዳር ገበሬ (ደምቢያ)፦
የማሽኑን እኔ ልንገርህ። ማሽን ውሃ ላይ ነው የሚሄደው። እምቦጩ ያለው ዳር ነው፣ ውሃው ለጉልበት በማይደርስበት ጭቃ። ማሽኑ እዚያ ሲደርስ ሆዱ መሬት ይነካል። ከዚያ እኛ ገብተን በእጅ እናወጣለን። ያሳክካል። አልቅት አለ። ከስሩ እባብ ይኑር ጉማሬ አታውቅም። ያወጣነውን ዳር ከምረን እንሄዳለን፣ ክረምት ላይ ውሃው ሞልቶ መልሶ ይወስደዋል። ዘጠና በመቶው ውሃ የሆነ ነገር ተሸክሞ ሩቅ መጣል ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከበጋው አጋማሽ ጀምሮ ሐይቁ ይሸሻል። በሸሸበት ሽምብራና ጓያ እንዘራለን። እምቦጩ ያን ጊዜ ደረቅ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል። ጢንዚዛችሁ ያኔ የት ይገባል?

ነፍሳት አጥኚዋ፦
ጋሼ፣ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ከባዱ ጥያቄ የእርስዎ ነው። እጩ ካደገ በኋላ ወደ ትልቅ ጢንዚዛነት የሚለወጠው ውሃ ውስጥ፣ ከተክሉ ስር ተጣብቆ ነው። ተክሉ ደረቅ ላይ ከቀረ ያ ትውልድ ያልቃል። በየዓመቱ ውሃ የሚሸሽባቸው ቦታዎች ላይ ጢንዚዛው ደካማ ሆኖ የታየው በዚህ ነው። ቅዝቃዜም አለ። ቪክቶሪያ ከባሕር ወለል በላይ 1,130 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጣና 1,800 ገደማ። በብርድ ነፍሳቱ ቀስ ብሎ ይራባል። ደቡብ አፍሪካ ደጋማው ክፍል ላይ የገጠማቸው ይኸው ነው። እምቦጩ በሚመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል፣ ጢንዚዛው ግን አንድ ትውልድ ለማድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል።

ስለዚህ "ልቀቁትና ተመልከቱ" የሚል ሰው ካለ አትመኑት። እኔም ብሆን።

ጂኦግራፊ አስተማሪ፦
ስለ ቪክቶሪያም ሁሉ ነገር ያለቀለት አይመስለኝም። አረሙ የወደቀው ጢንዚዛው በተለቀቀ በጥቂት ዓመት ነው፣ አዎ። ግን በመሐል በ1997 እና 1998 እ.ኤ.አ. ኤልኒኖ ነበር። ዝናብ፣ ደመና፣ ማዕበል። አንዳንድ ተመራማሪዎች አረሙን የጣለው የአየሩ ሁኔታ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጢንዚዛው ቀድሞ ባያዳክመው ማዕበሉ አይገነጣጥለውም ነበር ብለው መለሱ። በመጽሔት ላይ ለዓመታት ተከራክረውበታል። ለእኔ ሁለተኛው ያመዝናል፤ ጢንዚዛው ኤልኒኖ ባልነበረባቸው ቦታዎችም ሰርቷልና። ግን "ኡጋንዳ ሰርቷል" ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም።

አሳ ነጋዴ (ባሕር ዳር)፦
ሁላችሁም ስለሚበላው ታወራላችሁ። ስለሚቀልበው ማን ያውራ? እምቦጭ ማዳበሪያ ይወዳል። ከፎገራና ከደምቢያ ማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያና አፈር፣ ከከተማው የሚወርደው ፍሳሽ፣ ሁሉም ወደ ሐይቁ ነው። ዩሪያ እያበላነው ጢንዚዛ እንልክበታለን! ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ ሃያ ዓመት ይቆያል።

ሌላው፣ 4,300 ሄክታር እምቦጭ ባንዴ ሰምጦ ቢበሰብስ ኦክስጅኑን ማን ይመልሳል? ቆሮሶውም አምባዛውም እዚያው ዳር ነው የሚያድገው። የትም ዓለም የሌሉ 15 ገደማ ላቤኦባርበስ የሚባሉ የአሳ ዝርያዎች እኛ ጋ አሉ። ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ርብና ወደ ጉማራ የሚወጡት በነዚያው የወንዝ አፎች በኩል ነው፣ እምቦጩም የሚወደው እነሱኑ።

የዳር ገበሬ (ደምቢያ)፦
ማዳበሪያ ካልጨመርኩ ምን ልብላ ወንድሜ። እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ቡና ላይ የተኮረፈው፦
ቡና ላይ የተጣላው ሰው እኔ ነኝ 🙋 እዚህ ድረስ ስሜን ሳይጠራ ከሰሰኝ። እኔ ጢንዚዛው ይቅር አላልኩም። ያልኩት እንዲህ ነው፦ ጢንዚዛው የሚኖረው እምቦጩ ላይ ነው። በየዓመቱ ዘምተን እምቦጩን ካወጣነው ጢንዚዛውንም አብረን አውጥተን ዳር ከመርነው ማለት ነው። ስለዚህ የተወሰነ ቦታ ላይ እምቦጩ ሳይነካ መተው አለበት። አንድ ወር አይደለም። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት።

አሁን ንገሩኝ። የትኛው ባለሥልጣን ነው ካሜራ ፊት ቆሞ፣ ከኋላው እምቦጩ በሐምራዊ አበባው ደምቆ እየታየ፣ "ይህንን አትንኩት፣ ሆን ብለን ነው የተውነው" የሚል? በማግስቱ ፌስቡክ ይበላዋል። ዘመቻ ፎቶ ይወጣዋል። ጢንዚዛ ፎቶ አይወጣለትም።

ነፍሳት አጥኚዋ፦
ይኸው ነው። እዚህ ላይ ሐሳቤን እቀይራለሁ። በኔ በኩል ጣና ላይ ከመልቀቅ በፊት ቆቃ ወይም አዋሽ ላይ ይሞከር። እምቦጩ እዚያ ከ1950ዎቹ ዓ.ም ጀምሮ አለ፣ ቦታውም ሞቃት ነው። ጣና ላይ ደግሞ ውሃው ዓመቱን ሙሉ የማይሸሽበት አንድ ቦታ ተመርጦ ይታጠር፣ ጢንዚዛው እዚያ ይራባ። ሌላው ቦታ ይነቀል። ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል፣ ካርታው ላይ ከተስማማን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ለዚህ ከሆነ እኔም አዋጣለሁ። ግን ጢንዚዛውን በየወሩ የሚቆጥር ሰው ደሞዝ ይኑረው። ማሽን ገዝተን ነዳጅና መለዋወጫ የረሳነው ይበቃል።

የራያ ሰው፦
ከቆቃ ይጀመር ከተባለ እኔም አልቃወምም። በጽሑፍ ይሁን ብቻ። ካመለጠ ማን እንደሚጠየቅ ይጻፍበት።

የጎርጎራ ልጅ፦
እሺ፣ "ነቀላው ይብቃን" ያልኩትን መልሻለሁ፣ አትሳቁብኝ። ቡናውም በኔ ሒሳብ ነው። ግን የሚተወው ቦታ የት ይሁን? ጋሼ፣ ዳሩን ከርስዎ በላይ የሚያውቅ እዚህ የለም።

የዳር ገበሬ (ደምቢያ)፦
ቦታስ አለ። የኔ ማሳ ፊት ለፊት ውሃው ጥልቅ ነው፣ በጋም አይሸሽም። ለጢንዚዛችሁ ይመቸው ይሆናል። ግን አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ጋ ታንኳ አላወርድም ማለት ነው። መረብም አልጥልም። እምቦጩ ቢነቃነቅና ወንድሜ ማሳ ላይ ቢወጣ ደግሞ እኔ ነኝ የምሰደበው። እስቲ ከወንድሜ ጋር ልነጋገር። እሱ እሺ ካለ እሺ ነው። አይለኝም እንጂ።