አክስቴ በኑዛዜያቸው ለ«አሮጊቶቹ ቤት» ብር ትተዋል፤ የትኛው ቤት እንደሆነ ግን አልጻፉም

የጊዮርጊስ ሠፈር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የውርስ ነገር የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

አክስቴ ባለፈው ሰኔ አረፉ። ልጅ አልወለዱም፤ እኔንና የአጎቴን ልጆች ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ኑዛዜያቸው በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ ነው፤ ፍርድ ቤት አጽድቆታል፤ ውርስ አጣሪ ሆኜ የተሾምኩትም እኔ ነኝ። አንዲት መስመር ብቻ አስቸገረችኝ፦ «ባንክ ካለኝ ላይ ሁለት መቶ ሺህ ብር በየወሩ ለምጠይቃቸው ለአሮጊቶቹ ቤት ይሰጥልኝ።»

ስም የለ፣ አድራሻ የለ። ቤታችን ውስጥ «አሮጊቶቹ ቤት» ከተባለ ማንም አይጠይቅም ነበር፤ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሠፈር ውስጥ አረንጓዴ ቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ነው። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስን ተሳልመን ስንመለስ ድፎውን ተሸክሜ እከተላቸው ነበር። በሩ ላይ ጽሑፍ ይኑር አይኑር ትዝ አይለኝም። ሠፈሩ በ2016 ፈረሰ፣ ጎረቤቱም ተበተነ።

ሳፈላልግ ሁለት ድርጅት አገኘሁ። አንደኛው ከፒያሳ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር የሄደ ነው፤ ሌላው አራት ኪሎ አካባቢ ቢሮ አለው። ሁለቱም «እኛ ነን» ይላሉ። የአጎቴ ልጆች ደግሞ «ተቀባዩ ካልታወቀ ለወራሾች ይመለስ» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ ኑሮ ከብዷቸው ነው። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያ ብር አትክልት ተራ ሽንኩርት ተሸጦበት የተጠራቀመ ነው፤ ገበያው በ2012 ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር ድረስ አክስቴ ከዚያ አልተነሡም።

ልደታ የምመላለስ፦
እህቴ፣ ነፍስ ይማር። የአጎትሽ ልጆች የሚሉት ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተጠቃሚው በበቂ ሁኔታ ተለይቶ ካልታወቀ ያ የኑዛዜ ቃል ውጤት የለውም። ነገር ግን ስሙ አለመጻፉና ማንነቱ ሊታወቅ አለመቻሉ ለየቅል ናቸው። ቁጥር 910 ኑዛዜው ሲያጠራጥር የተናዛዡ ሐሳብ ከራሱ ከኑዛዜውና ከሌሎች ሁኔታዎች ተፈልጎ ይተርጎም ይላል። «በየወሩ ለምጠይቃቸው» የሚለውን ቃል አጥብቀሽ ያዢ። አክስትሽ በየወሩ የሄዱት አንድ ቤት ነው፣ ማስረዳት የሚቻል ነገር ነው። አራቱን ምስክሮች ፈልጊ፤ ሲነበብ «የትኛው ቤት?» ብሎ የጠየቀ አይጠፋም።

አደራ፣ በራስሽ መርጠሽ ለአንዱ እንዳትከፍዪ። ሁለቱ ድርጅቶችም ወራሾቹም ባሉበት ፍርድ ቤቱ ይወስን። ደግሞ እንዲህ ያለው ስጦታ የሚከፈለው የቀብሩ፣ የማጣራቱ፣ የዕዳውና የቀለቡ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው።

የማኅበር ጸሐፊ የነበርኩ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ሲወጣ ነባር ድርጅቶች ሁሉ እንደገና እንዲመዘገቡ ተደርጓል። አክስትሽ የሚያውቁት ቤት ዛሬ በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ስለዚህ ስሙን ይዘሽ ብቻ አትፈልጊ። ከፍርድ ቤት ደብዳቤ አጽፈሽ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሄደሽ የሁለቱን የድሮ አድራሻ ጠይቂ። የአክስትሽን ሣጥንም ፈትሺ፤ በየወሩ የሚሰጥ ሰው ደረሰኝ አያጣም። ክብ ማኅተሙ ላይ ያለው ስም ነው የሚጠቅምሽ።

ዘነበወርቅ፦
እናቴም እንዲያ ካለ ቤት ነበረች። ቢሮውን ትተሽ አሮጊቶቹን ጠይቂያቸው። እነሱ እኮ የመጣላቸውን ሰው አይረሱም።

የጊዮርጊስ ሠፈር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሣጥኑን ትናንት ማታ ከፈትኩት። ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተቋጠሩ ሦስት ደረሰኞች ወጡ። የሁለቱ ማኅተም ደብዝዟል፤ በሦስተኛው ላይ «አረጋውያን» የሚለውና ከሥሩ «አራዳ» የሚለው ይነበባል፣ መካከሉ ጠፍቷል። የዛሬው የሁለቱም ድርጅት ስም ከዚህ ጋር አይገጥምም።

ዛሬ ጠዋት ወደ ዳር የሄደው ጋ ሄጄ ነበር። ፀሐይ ላይ ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ የአክስቴን ስም ስጠራላቸው «ዳቦ ተሸካሚዋ ነሽ እንዴ?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ይህ ለእኔ በቂ ነው፤ ለፍርድ ቤት ግን እንደማይበቃ ገብቶኛል። አራት ኪሎ ያሉትም ባሉበት የእኚህ እናት ቃል ይሰማ እላለሁ።

ከምስክሮቹ አንደኛው አርፈዋል፤ ሦስቱን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ። የአጎቴ ልጆችም ፍርድ ቤት ካለ እንቀበላለን ብለዋል። ነገ ማመልከቻዬን ይዤ እሄዳለሁ።